ስለ ዓሣ ጫጩት የመጀመሪያ ምግብ፤ በውኃ ውስጥ ስላለውም ደቃቅ አረንጓዴ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈርም ሆነ በሌላው የቂርቆስ ክፍል፣ በአንድ ምግብ ቤት የተጠበሰ ቆሮሶ ለገበታ በቀረበ ጊዜ ተመጋቢው የሚጠይቀው ዋጋውንና ትኩስነቱን ነው። ከዝዋይ ሐይቅ መጣ ወይስ ከጫሞ ብሎ የሚመረምር ጥቂት ነው። ይህ ዓሣ ገና የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ሳለ ምን በልቶ አደገ ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም ማለት ይቻላል። ሆኖም የዓሣ ነገር ሁሉ ሥሩ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ጫጩቱ በመጀመሪያው ሳምንት የሚበላውን ካጣ፣ መረብ ቢሠራ፣ ታንኳም ቢበጅ፣ የሚያዝ ነገር አይኖርምና።

በየብስ ላይ ላምና በግ ሣር ይግጣሉ፤ ሣሩም ለማንም ሰው ይታያል። በሐይቅና በባሕር መካከል ግን የሚጋጥ ሣር የለም፤ በዳር ካለው ደንገልና ቄጠማ በቀር ውኃው ባዶ ይመስላል። ባዶ ግን አይደለም። በውኃው ውስጥ ተበትነው የሚኖሩ፣ አንዱ ለብቻው በዓይን የማይታይ፣ እጅግ ደቃቅ የሆኑ አረንጓዴ ፍጥረታት አሉ። ሊቃውንት ዋቅላሚ ይሏቸዋል፤ በባዕድ አጠራር አልጌ የሚባሉት ናቸው። ሥር የላቸውም፤ ግንድም ቅጠልም የላቸውም፤ ብዙዎቹ አንዲት ሕዋስ ብቻ ናቸው። ነገር ግን የጤፍና የስንዴ ቅጠል እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውኃና ከአየር ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። መጠናቸውን ለመረዳት የጤፍን ቅንጣት ማሰብ ይበቃል። የጤፍ ቅንጣት ርዝመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። ናኖክሎሮፕሲስ የሚባለው የባሕር ዋቅላሚ ግን አንድ ሚሊሜትር ለ1,000 ቢከፈል ከዚያው ከ2 እስከ 4 እጁን ብቻ ያህላል፤ ስለዚህ በአንዲት የጤፍ ቅንጣት ርዝመት ላይ 300 ያህል በተርታ ሊሰለፉ ይችላሉ።

አንዱ የማይታይ ሲሆን ብዙው ግን ይታያል። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አጠገብ ካሉት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች አንዱ አረንጓዴ ሐይቅ ተብሎ የተጠራው ስለዚህ ነው። ውኃው ጨውና ሶዳ የበዛበት ሲሆን፣ ቀለሙን የሰጠው ስፒሩሊና የሚባል እንደ ሽቦ የተጠመዘዘ ደቃቅ ፍጥረት ነው። ይህ ፍጥረት በጥብቅ ሲመረመር ከባክቴሪያ ወገን ይቆጠራል፤ አኗኗሩ ግን እንደ ዋቅላሚ ነውና በዚያው ስም መጠራቱ የተለመደ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር የተባሉ ሊቃውንት ይህን ሐይቅና ጎረቤቱን ቂሎሌን መረመሩ፤ ሥራቸውም በ1973 ታተመ። ያገኙት ነገር የሚያስደንቅ ነው። አረንጓዴው ከብዛቱ የተነሣ የፀሐይን ብርሃን ከላይ ከላዩ ስለሚጠጣው፣ ብርሃኑ ብዙ ሳይዘልቅ ያልቃል፤ የእነዚህ ሁለት ሐይቆች ፍሬያማነትም በውኃ ውስጥ ሊሆን ከሚችለው የመጨረሻ ልክ ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ።

ቂሎሌ ግን በዚያው አልቀረም። በ1989 የሞጆ ወንዝ ውኃ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደረገ፤ ሶዳው ሳሳ፤ ስፒሩሊናውም ጠፍቶ ሌላ ዓይነት ዋቅላሚ ተተካ። አንድ ቦይ መቆፈር በዓይን የማይታየውን ማኅበር ሁሉ እንደሚለውጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም።

ይህን አረንጓዴ የሚበሉት ብዙዎች ናቸው። በሻላ ሐይቅ አጠገብ ባለችው በጭቱ ሐይቅ ፍላሚንጎ የተባለችው ወፍ ምንቃሯን ገልብጣ ውኃውን በምላሷ እየሳበች ስፒሩሊናውን ታጣራለች፤ የላባዋም ቅላት ከዚሁ ምግብ የመጣ ነው። በቻድ ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩ የካነምቡ ሰዎች ደግሞ ከውኃው አንሥተው በፀሐይ አድርቀው እንደ ቂጣ አድርገው ይበሉታል። ቆሮሶ ከአደገ በኋላ ይህን ወገን ለመፍጨት የተለየ ኃይል አለው፤ በኡጋንዳ በጆርጅ ሐይቅ ተመርምሮ በ1973 እንደ ታተመው፣ የጨጓራው አሲድ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ የሕዋሱን ቅርፊት ያፈርሰዋል። ብዙ ሌላ ዓሣ ግን ይህን አይችልም።

አሁን ወደ ጫጩቱ እንመለስ። የዓሣ ጫጩት ከዕንቍላል በወጣ ጊዜ በሆዱ ሥር የአስኳል ከረጢት ተሸክሞ ይወጣል። ይህ እናቱ ያሰናዳችለት ስንቅ ነው። ስንቁ ሳያልቅ አፉ መከፈት፣ ዓይኑ ማየት፣ አንጀቱም መሥራት አለበት። ስንቁ አልቆ ምግብ ካላገኘ ጥቂት ቀን ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ምግብ ቢቀርብለት እንኳ ለመብላት ኃይል አይኖረውም። የአገራችን አምባዛ ጫጩት አስኳሉን የሚጨርሰው በሦስት ቀን ገደማ ነው።

ቆሮሶ በዚህ ነገር ከሌሎቹ የታደለ ነው። እናቲቱ ዕንቍላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍለዋለች፤ ጫጩቱም አስኳሉን እስኪጨርስ በአፏ ውስጥ ይጠበቃል። ዕንቍላሏ ጥቂት ቢሆንም ትልልቅ ነው፤ ጫጩቱም ሲወጣ አፉ ሰፊ፣ ዋና የሚችል ነው። ቆሮሶ በየኩሬው በቀላሉ የሚረባው አንዱም ስለዚህ ነው። የባሕር ዓሦች ግን አብዛኞቹ የተለየ ሥርዓት አላቸው። አንዲቱ በአንድ የመራቢያ ወራት መቶ ሺሕና ከዚያም የሚበልጥ ዕንቍላል በባሕሩ ላይ በትና ትሄዳለች፤ የሚጠብቀው የለም። ጫጩቱ ሲወጣ ርዝመቱ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አፉ ሲከፈትም ስፋቱ የጤፍ ቅንጣት ርዝመት ከአሥር እጅ አንዱን ወይም ሁለቱን ያህላል። እንዲህ ላለው አፍ የተፈጨ ዱቄት ቢሰጡት አይሆንም፤ ዱቄቱ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ውኃውንም ያገማል፤ ጫጩቱም የማይንቀሳቀሰውን ነገር ምግብ አድርጎ አያየውም። የሚበላው ሕያው ሆኖ በፊቱ የሚንቀሳቀስ፣ ለአፉም የሚመጥን መሆን አለበት።

በባሕር ዳር ያሉ አገሮች ዓሣንና ሌላውን የባሕር እንስሳ በእጅ ለማርባት በተነሡ ጊዜ ብዙ ዘመን ያስቸገራቸው ይህ ነበር። ዕንቍላሉን ያገኛሉ፤ ይፈለፍላሉም፤ ጫጩቱ ግን በሳምንቱ ያልቅባቸዋል። በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ከተማ አለንና ኔልሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1910 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የባሕርን ደቃቅ ዋቅላሚ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ማብቀልን፣ በእርሱም የባሕር እንስሳትን ጫጩቶች መመገብን አስረዱ። ከዚያ በኋላ በጃፓን ፉጂናጋ የተባለ ሊቅ ኩሩማ የሚባለውን የባሕር ሽሪምፕ በእጅ ለማርባት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ደከመ፤ ሥራውንም በ1942 አሳተመ። ሽሪምፑ በጫጩትነቱ ሦስት መልክ ይለዋውጣል። በመጀመሪያው፣ ናፕሊየስ በሚባለው፣ ምንም አይበላም፤ በስንቁ ይኖራል። በሁለተኛው፣ ዞኢያ በሚባለው፣ ዋቅላሚ እያጣራ ይበላል። በሦስተኛው፣ ሚሲስ በሚባለው፣ ሥጋ ወደ መብላት ይመለሳል። ያለቀው ሁሉ የሚያልቀው በሁለተኛው ነበረ፤ ፉጂናጋ ስኬሌቶኔማ የተባለውን ዋቅላሚ ለብቻው አብቅሎ ለዞኢያዎቹ በሰጠ ጊዜ ግን ተሻገሩ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚረባው ሽሪምፕ ሁሉ የዚህ ትዕግሥት ወራሽ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ዋቅላሚ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። በአሜሪካ ዴቪስና ጊላርድ የተባሉ ሰዎች በ1958 አሥር ወገን ደቃቅ ፍጥረታትን ለኦይስተርና ለሌላ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ጫጩቶች እየሰጡ አመዛዘኑ። ቅርፊት የሌላቸው፣ በጅራፍ መሰል ክር የሚዋኙት፣ ከእነርሱም አይሶክሪሲስ የተባለው፣ የበለጡ ሆኑ፤ ክሎሬላ የተባለው ግን ቅርፊቱ ወፍራም ስለ ሆነ ለትንሹ ጫጩት አልበጀም። ነገሩ ከእህል ጋር ይመሳሰላል፤ ለሕፃን ጥሬ ባቄላ አይሰጡትም፤ ንጥረ ነገሩ በውስጡ ቢኖርም ሆዱ አይደርስበትም። ከዚህም ሌላ በስብ ይለያያሉ። የባሕር ዓሣ ጫጩት ለዓይኑና ለአንጎሉ የሚያስፈልገው የተለየ ስብ አለ፤ ይህን ስብ ራሱ በበቂ ማበጀት አይችልም፤ የሚያበጁት ዋቅላሚዎች ናቸው። በዓሣ ሥጋ ውስጥ ይገኛል ተብሎ የሚመሰገነው ስብ መነሻው ዓሣው ሳይሆን ይህ በዓይን የማይታይ አረንጓዴ ነው።

የዓሣው ጫጩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋቅላሚውን በቀጥታ አይበላም፤ በመካከል አንድ አማላጅ አለ። ይኸውም ሮቲፈር የሚባል እንስሳ ነው። ርዝመቱ ከሚሊሜትር አሥር እጅ አንዱ እስከ ሦስቱ ነው፤ በራሱ ላይ ባሉ ጸጉሮች ውኃውን እያሽከረከረ ዋቅላሚውን ወደ አፉ ይስባል፤ ዋናውም ዝግ ያለ ስለ ሆነ ለጫጩቱ የሚመች አደን ነው። በጃፓን በ1950ዎቹ ይህ እንስሳ የኢል ዓሣ ኩሬዎችን የሚያበላሽ ጠላት ተብሎ ይታወቅ ነበረ፤ ኋላ ግን ለባሕር ዓሣ ጫጩት የተሻለ ምግብ እንደሌለ ታወቀና ጠላቱ ራሱ ተፈላጊ ሆነ። ብራኪዮነስ የሚባለው የሮቲፈር ወገን በእኛም በስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች ይኖራል። ሮቲፈር ባዶ አቁማዳ ነው፤ ዋጋው በውስጡ በተጨመረው ነው። ጥሩ ዋቅላሚ የበላ ሮቲፈር ጥሩውን ስብ ለጫጩቱ ያደርሳል፤ የተራበ ሮቲፈር ግን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ስለዚህ አርቢዎች ሮቲፈሩን ለጫጩቱ ከመስጠታቸው ጥቂት ሰዓት በፊት በብዛት ይመግቡታል።

አንዳንድ ጊዜም ዋቅላሚውን ጫጩቱ ባለበት ውኃ ውስጥ ራሱን ይጨምሩታል፤ አረንጓዴ ውኃ ይሉታል። ብርሃኑን ያለዝባል፤ ጫጩቱ አደኑን ለይቶ እንዲያይ ይረዳዋል፤ ቆሻሻውን ይመጥጣል፤ ሮቲፈሩም እስኪበላ ድረስ እንዳይራብ ያደርጋል።

ዋቅላሚን ማብቀል የእንጀራ እርሾን ወይም የጠላን ጥንስስ እንደ መጠበቅ ያለ ሥራ ነው። ንጹሕ ዘር በትንሽ መስተዋት ይጠበቃል፤ ከዚያ ወደ ጠርሙስ፣ ከጠርሙስ ወደ እንስራ የሚያህል ዕቃ፣ ከዚያም ወደ ትልቅ ገንዳ በየደረጃው ይሸጋገራል። ውኃው አስቀድሞ ይጣራል፤ ይፈላል ወይም በሌላ መንገድ ይነጻል። ለምግቡ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ጥቂት ብረትና ቪታሚን ይጨመርለታል፤ ዳያተም ለሚባለው ወገን ደግሞ ቅርፊቱ እንደ መስተዋት ያለ ነውና ሲሊካ ይፈልጋል። ጊላርድና ራይተር በ1962 ያሳተሙት የዚህ ድብልቅ ቀመር እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ብርሃን ያስፈልጋል፤ ወደ ታችም እንዳይዘቅጥ አየር በቀጭን ቱቦ ይነፋበታል። በመጀመሪያ ቀን ምንም የተጨመረ አይመስልም፤ ቀጥሎ በፍጥነት እየተባዛ ውኃውን ያለብሰዋል፤ በኋላ ምግቡና ብርሃኑ ሲያጥርበት ይቆማል፤ ከቆመም በኋላ ይሞታል። መቀዳት ያለበት በሚባዛበት ሰዓት ነው። የዘገየ አርቢ አረንጓዴ ውኃ ያገኛል፤ ምግቡ ግን ረክሷል። በአንድ ያልታጠበ ዕቃ ዋቅላሚውን የሚበላ ሌላ ደቃቅ እንስሳ ከገባ ደግሞ የሳምንት ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ይህ ሥራ ውድ ነው፤ የኦይስተርን ጫጩት በሚያፈሉ ቤቶች ከጠቅላላው ወጪ ሢሶ ያህሉ ለዋቅላሚ እንደሚወጣ የተመረመረበት ጊዜ አለ።

አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምቶ፣ ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ የባሕር ጫጩት ነገር ለገጠር ትምህርት ቤት ምኑ ነው ቢል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ አምባዛ ነው። አምባዛ ዕንቍላሉን በአፉ አይጠብቅም፤ ጫጩቱም እንደ ባሕሮቹ ደቃቅና ሕያው ምግብ ፈላጊ ነው። በሰበታ ያለው የዓሣና የሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል የዓሣ ጫጩት ያባዛል፤ ጫጩት የሚወስድ ገበሬ ወይም ትምህርት ቤት ግን ኩሬው አስቀድሞ አረንጓዴ ካልሆነ ያመጣውን ሁሉ በረኃብ ይጨርሳል።

ስለዚህ ኩሬ የቆፈረ ሰው ውኃ ከሞላበት በኋላ የደረቀ የከብት ፋንድያ ወይም የዶሮ ኩስ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሮ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይጠብቃል። አስቀድሞ ዋቅላሚው ይመጣል፤ ቀጥሎ ዋቅላሚውን የሚበሉት ሮቲፈርና የውኃ ቁንጫ ይመጣሉ፤ ጫጩቱ መግባት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። መለኪያው ክንድ ነው። እጅን ወደ ውኃው እየሰደዱ መዳፍን ማየት፤ ውኃው እስከ ክርን ሳይደርስ መዳፉ ከጠፋ አረንጓዴው በዝቷል፤ ፋንድያ መጨመር ይቁም። ክርኑ ከጠለቀ በኋላም መዳፉ በግልጽ ከታየ ሳስቷልና ይጨመር።

መብዛቱ የሚፈራው በምክንያት ነው። ዋቅላሚ ቀን ቀን ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እንደ ሌላው ፍጥረት ሁሉ ይወስዳል። እጅግ በበዛበት ኩሬ ውስጥ ንጋት ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ እያወጡ ሲያዛጉ ይታያሉ፤ የቀረበላቸውን ምግብ ትተው አየር የሚፈልጉ ናቸው። ከዚህም የሚከፋ አለ። ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ወገን መርዝ ያበጃል፤ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በ2011 በታተመ ምርመራ መርዙ በቆቃ ሐይቅ ተገኝቷል። እንደ ቀለም ተደፍቶ በውኃ ላይ አረንጓዴ ስልባቦት በታየበት ስፍራ ሰው መጠጣት፣ ከብትም መሰማራት የለበትም፤ ማፍላቱም መርዙን አያጠፋውም።

ሌላም ነገር ሽማግሌዎች ያውቁታል። በጣና ዙሪያ ባሉት ወንዞች የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ውኃ ሲጨመር ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ይሰበሰባልም። የጣና ቢልጫ ዓሦች ግን በክረምትና በመፀው ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉት ወንዞች ሽቅብ የሚሄዱት ለመራባት ነው። በዚያ ወራት የፈሰሰው ብርብራ የሚገድለው ትልቁን ብቻ አይደለም፤ በጠጠሩ መካከል ያለውን ጫጩትና ጫጩቱ የሚበላውን ደቃቅ እንስሳ ጭምር ነው። የዓሣው መጠን ለምን አነሰ ሲባል በመረብ ብቻ ማመካኘት እውነቱን ማጉደል ይሆናል።

መምህሩ ለተማሪዎቹ ይህን ሁሉ በአፍ ብቻ ከሚነግራቸው በመስኮት ላይ ሊያሳያቸው ይችላል። ሁለት የጠሩ ጠርሙሶች ይወሰዱ፤ በኩሬ ውኃ ይሞሉ፤ በንጹሕ ጨርቅም ቢጣሩ ይሻላል። ጥቂት የፋንድያ ውኃ ጠብ ይደረግባቸው፤ አፋቸውም በስስ ጨርቅ ይሸፈን፤ ብርሃን ባለበት ግን ብርቱ ፀሐይ በማያቃጥለው ስፍራ ይቀመጡ። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ሁለቱም አረንጓዴ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ከኩሬው ዳር በማንኪያ ጥቂት የውኃ ቁንጫ ተለቅሞ በአንደኛው ብቻ ይጨመር። ተማሪዎቹ በየጥዋቱ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን ይመልከቱ፤ ቁንጫ ያለበት ከቀን ወደ ቀን እየጠራ ይሄዳል፤ ቁንጫዎቹም ይበዛሉ። በመጨረሻ ውኃው ጠርቶ ቁንጫዎቹ መሞት ሲጀምሩ፣ ምን እንደሚደረግ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲናገሩ ይጠየቁ፤ ከዚያም ከሁለተኛው ጠርሙስ አንድ ማንኪያ አረንጓዴ ውኃ ወደ አንደኛው ይጨመር።